ከአቃቂ ቤቶች ወለል በታች



ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ሰፈራችን መሬት ነው። ሰፈራችን ስል ከአቃቂ ከተማ ጀምሮ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የተዘረጋውን ሁሉ ማለቴ ነው፤ ገላንን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ቂሊንጦን፣ ኮዬ ፈጬን። በአስተዳደር ወሰን ይለያያሉ፤ ከሥራቸው ያለው መሬት ግን አንድ ታሪክ ያለው መሬት ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት በዚህ ያለፈ ሰው የሚያየው የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየሞች ረድፍ በረድፍ ቆመውበታል፤ በመካከላቸው የማኅበር ቤቶች፣ መጋዘኖች፣ ፋብሪካዎች ገብተውበታል።

ዕጣ ደርሷችሁ ቁልፍ ስትረከቡ ስለ ቤቱ ብዙ ነገር ጠይቃችኋል። ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ፀሐይ ያገኛል ወይ፣ ውሃና መብራት ገብቷል ወይ፣ ታክሲ ከየት ይያዛል። ቤቱ የቆመበት አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ የነገራችሁ ግን የለም። ይህ ያሳዝነኛል። ሁለቱ ትልልቅ ጭንቀቶቻችን፣ የሚሰነጠቀው ግድግዳና የሚጠፋው ውሃ፣ ምክንያታቸው እዚያው ከእግራችን ሥር ነው፤ ሁለቱም የተሳሰሩ ናቸው። ትስስሩን ለማሳየት መሬቱ እንዴት እንደተሠራ በአጭሩ መናገር አለብኝ።

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እኛ የምንኖርበት ሜዳ 2,100 ሜትር ግድም ነው። በሠላሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል እንወርዳለን። የቁልቁለቱ ምክንያት ስምጥ ሸለቆ ነው። ከተማችን ያለችው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ መሬቱ በረጅም ስንጥቆች እየተቆረጠ፣ ደረጃ በደረጃ እየዘቀጠ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። እኛ ከእንጦጦ ይልቅ ለሸለቆው እንቀርባለን።

እንጦጦን የሠራው እሳተ ገሞራ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ግድም ዕድሜ አለው። ከዚያ በኋላ እሳቱ ወደ ደቡብ ወረደ። ከፎቃችሁ በረንዳ ላይ ሆናችሁ በጠራ ቀን ዙሪያውን ብትመለከቱ በስተ ምሥራቅ የረርን፣ በስተ ምዕራብ ፉሪን፣ ከፉሪ ጀርባ ወጨጫን ታያላችሁ። እነዚህ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው፤ የፈነዱትም ከእንጦጦ በብዙ ዘግይተው፣ ከዛሬ 3 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በስተ ደቡብ ርቆ የሚታየው ዝቋላም እሳተ ገሞራ ነው፤ ከአናቱ ላይ ያለው ሐይቅ የተኛው በጥንቱ የእሳት አፍ ውስጥ ነው። ከየረር ተነሥቶ በምዕራብ ወለጋ እስከ ቱሉ ወለል ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መስመር አለ። ይህ መስመርና ስምጥ ሸለቆው የሚገናኙት በእኛው አካባቢ ነው። ዙሪያችንን በተራሮች የተከበብነው ስለዚህ ነው።

ተራሮቹ ከተሠሩ በኋላ ቅልጥ ዐለቱ መንገዱን ለወጠ። በአንድ ቦታ መቆለሉን ትቶ በመሬት ስንጥቅ እየወጣ ሜዳው ላይ ፈሰሰ፤ እየበረደም ጥቁር ባዛልት ሆነ። ፈሳሹ አንድ ጊዜ ብቻ አልመጣም። አንዱ ይፈስሳል፣ ይበርዳል፣ ዘመን ያልፋል፣ ሌላው ከላዩ ይመጣል። በሁለቱ መካከል የቀረው ሸካራና ስብርባሪ ንጣፍ በኋላ ስለ ውሃ ስናወራ ያስፈልገናልና በሐሳባችሁ ያዙት። በመጨረሻም ጋዝ የበዛበት ቅልጥ ዐለት እዚህም እዚያም እየተረጨ ትናንሽ ኮረብታዎችን ሠራ። ወደ ቢሾፍቱ ስትወርዱ ደግሞ ቅልጡ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በኃይል ፈንድቷል፤ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች የተኙባቸው ጎድጓዶች የተፈጠሩት በዚያ ፍንዳታ ነው።

ትናንሾቹን ኮረብታዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሆዳቸው ተቆርጦ ቀይ ሆነው የሚታዩት ናቸው። ሲኖትራኮች ቀንና ሌሊት የሚጭኑት ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን፣ በሥነ ምድር ስሙ ስኮሪያ የተባለውን ድንጋይ ነው። ከተቻላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ ጥበቃውን አስፈቅዳችሁ፣ ሥራ በቆመበት ቀን ወደ አንዱ ካባ ሂዱና የተቆረጠውን ግድግዳ ከራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ግድግዳው አንድ ወጥ አይደለም። ደቃቁ ከደቃቅ፣ ሻካራው ከሻካራ ጋር ተደርድሮ፣ ንጣፎቹ ሁሉ ከኮረብታው እምብርት ወደ ውጭ ያዘነብላሉ፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ከአንድ ርጭት የወደቀ ነው። እዚህም እዚያም የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ድንጋይ ተሰክቶ ታገኛላችሁ፤ ቅልጥ እያለ ተወርውሮ አየር ላይ እየተሽከረከረ የጠጠረ ነው። ቀዩ ቀለም የመጣው በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ገና በትኩሱ ከአየርና ከእንፋሎት ጋር ስለተገናኘ ነው፤ ያ ያልደረሰበት ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። ከወደቀው አንዱን አንሡና መዝኑት፤ ከመጠኑ የቀለለ ነው። ሰብራችሁ ውስጡን ብታዩት እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው፤ ምክንያታቸውም ይመሳሰላል፤ በሊጡም በድንጋዩም ውስጥ ዓይኑን የሚያወጣው ለመውጣት የሚታገል ጋዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የተነጠፈው ጥቁሩ አፈር ነው። ዋልካ የሚሉት አሉ፣ መረሬ የሚሉት አሉ፣ የአካባቢው ገበሬ ኮትቻ ይለዋል። ባዛልቱ በብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብና ፀሐይ ሲበሰብስ፣ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አይሸሽም፤ ውሃ በተኛበት ቦታ ከድንጋዩ የሚወጣው ሸክላ ልዩ ጠባይ ይይዛል። የሸክላው ቅንጣቶች እጅግ ስስ በሆኑ ገጾች የተደራረቡ ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ በገጾቹ መካከል ይገባና አፈሩ ያብጣል፤ በጋ ሲመጣ ውሃው ይወጣና አፈሩ ይሟሽሻል፣ ይሰነጠቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ክፍት ሜዳ ላይ ብትወጡ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ታገኛላችሁ። በአገራችን እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር ወደ 12 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል ተብሎ ይገመታል።

ይህን አፈር ከእኛ በፊት በደንብ የሚያውቁት እዚህ ያርሱ የነበሩት ናቸው። ዋልካው በክረምት ውሃ ጠግቦ ሲጨቀይ ጤፍ ይዘሩበታል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም አፈሩ ባቆረው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ያበቅሉበታል፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ ዝናብ ባይወርድ እንኳ ሽምብራው እሸት ይደርሳል። ቤታቸውን ግን ከዋልካው አውጥተው ጉብታው ላይ፣ ድንጋይ የወጣበት ቦታ ላይ ይሠሩ ነበር። ይህ ትልቅ እውቀት ነው። እኛ ስንመጣ ለማሳ የተተወው ሜዳ ላይ ቤት ሠራን፤ ማሳው የነበራቸውን ሰዎች አስነሥተን፣ ያወቁትን ሳንጠይቃቸው። ከእነዚህ አባወራዎች መካከል ዛሬ በየሕንፃችን ጥበቃ ሆነው የሚያድሩ አሉ። ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ከማንም በፊት እነሱን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፤ ውሃ የት እንደሚተኛ፣ የትኛው ጥግ ከሁሉ መጨረሻ እንደሚደርቅ፣ ድንጋዩ የት ቅርብ እንደሆነ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ስንጥቁ ልምጣ። አፈሩ ሲያብጥ የሚገፋው ኃይል እጅግ ትልቅ ነው። ከባድ ሕንፃ፣ መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራው ንጣፍ ላይ ያረፈ ከሆነ፣ ይቋቋመዋል። የሚጎዳው ቀላሉ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ የግቢ አጥር፣ ከዋናው ሕንፃ ተለይቶ የተሠራ ደረጃ፣ ኩሽና፣ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ። የዋልካ ስንጥቅ መልክ አለው። ብዙ ጊዜ ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ይነሣና በሰያፍ ይወጣል፤ በጋ ላይ ይከፈታል፣ ክረምት ላይ ይጠብባል። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ካለ ለመለሰን አትቸኩሉ። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ አግድም መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉበት፤ ስፋቱን በማስመሪያ ለክታችሁ አጠገቡ መዝግቡ። ሚያዝያ ላይና መስከረም ላይ ደግማችሁ ለኩ። የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ጥፋቱ የአፈሩ እርጥበት ነው። በየዓመቱ እየለሰናችሁ የምታወጡት ገንዘብ ምንም አይፈይድም። ሳይዘጋ እየሰፋ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ መሠረቱ እየሰመጠ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ይየው።

ለአፈሩ እርጥበት መድኃኒቱ እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። የጣሪያ አሸንዳችሁ ውሃውን ከቤቱ ሥር ከጣለው ቤታችሁን ራሳችሁ እያነሣችሁት ነው፤ ውሃው በቱቦ ርቆ ይሂድ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚሆን ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ዳርቻ ይኑር። የሚያንጠባጥብ ቧንቧና ሞልቶ የሚፈስ ሮቶ ቶሎ ይጠገን። ባሕር ዛፍ ከቤት አጠገብ አትትከሉ፤ ሥሩ በበጋ አፈሩን እስከ ታች ያደርቀዋል። አዲስ ለምትሠሩት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላት የተለመደ ነው፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን ውሃ በማያሳልፍ ሸክላ መካከል ውሃ የሚያሳልፍ ነገር ስትሞሉ ክረምት ላይ ውሃው ከየአቅጣጫው እየመጣ እዚያ ይጠራቀማል፤ መውጫ ካልተበጀለት የሚረጥበው መሠረታችሁ ነው። ሙሌቱ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ የውሃው መውጫም በፕላኑ ላይ ይታይ።

እስካሁን ጥቁሩን አፈር እንደ ጠላት አድርጌ ያወራሁ ከመሰላችሁ፣ አሁን ስለ ሌላው ገጹ ላውራ። ለዛሬው ንግግሬ ዋናው ነገር ይህ ነውና በጥሞና ስሙኝ።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር በምንጮቿ ትጠጣ ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ የገፈርሳ፣ በኋላም የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ተሠሩ። እነሱም አልበቁም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ወደ ሥራ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የጉድጓዶቹ ቁጥርና ጥልቀት እየጨመረ ሄዷል። ዛሬ ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ጉልህ ድርሻ የሚወጣው ከእኛ ሜዳ ሥር ነው። ውሃው ቁልቁል አይሄድም፤ በፓምፕ ሽቅብ ወደ ከተማዋ ይገፋል፤ ለዚህ ነው መብራት ሲጠፋ ውሃም የሚጠፋው። ፈረቃ ጠብቆ ባልዲ የሚደረድር፣ ቦቴ የሚያስመጣ የሰፈራችን ሰው፣ ጥልቅ የውሃ ክምችት ላይ ቤት ሠርቶ እንደሚኖር ቢያውቅ ነገሩን በሌላ ዓይን ያየው ነበር።

ውሃው ከየት መጣ? ከተማዋና አካባቢዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ያገኛሉ፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከእንጦጦ ሸንተረር ወደ ሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ወደ ደቡብ የወረደው የአዋሽ ነው። ከዚህ ከደቡቡ ድርሻ የተወሰነው በድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሰርግና መሬቱ ባዘነበለበት አቅጣጫ፣ በዝግታ፣ ወደ እኛ ይመጣል። ቅድም በሐሳባችሁ ያዙት ያልኳችሁ ንጣፍ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በባዛልት ፈሳሾች መካከል የቀረው ስብርባሪ፣ ዓይን የበዛበት ባዛልት፣ ከሥር የተቀበሩት የስኮሪያ ክምሮች፣ እነዚህ ሁሉ ውሃ ያጠራቅማሉ፣ ያሳልፋሉም። እንጦጦ አካባቢ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚሰጠው ውሃ ጥቂት ነው፤ አቃቂ ላይ የተቆፈረ ጥሩ ጉድጓድ አንድ ሰፈር ያጠጣል። ልዩነቱን ያመጣው ድንጋዩ ነው።

ይሁን እንጂ ውሃ በቀላሉ የሚያሳልፍ ድንጋይ ቆሻሻንም በቀላሉ ያሳልፋል። ስኮሪያ አያጣራም። በላዩ የፈሰሰ የመኪና ዘይት ወይም የሽንት ቤት ፍሳሽ ዓይኑን ተከትሎ ይወርዳል። ታዲያ ውሃችንን እስከ ዛሬ የጠበቀው ምንድን ነው? ቤታችንን የሚሰነጥቀው ያ ጥቁር አፈር ነው! ዋልካው ሲረጥብ አብጦ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፤ ከላይ የፈሰሰው ወደ ታች እንዳይወርድ ያዘገየዋል። ሸክላው ብዙ መርዝ ነክ ብረቶችንም በገጹ ላይ ይዞ ያስቀራል። በግንባታው የምናማርረው አፈር የውሃችን ሽፋን ነው።

እኛ ደግሞ ይህን ሽፋን በየግቢው እየበሳነው ነው። እያንዳንዱ ቤት የቆሻሻ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ቆፋሪው ዋልካውን አልፎ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ድንጋዩ ፍሳሹን ስለሚጠጣለት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም፤ ለማስመጠጫም አያወጣም። ጉድጓዱ የማይሞላው ግን ፍሳሹ ወደ መጠጥ ውሃችን እየሄደ ስለሆነ ነው። ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው፤ ጎረቤቶቼን ላስቀይም እችላለሁ፣ ቢሆንም እናገረዋለሁ። የቆሻሻ ጉድጓድ ወለሉና ግድግዳው በአርማታ ይዘጋ፣ በጊዜው ይመጠጥ። የፍሳሽ መስመር ባለበት አካባቢ ያላችሁ ሳትቀጥሉ አትቆዩ፤ መስመሩ ባልደረሰበት ያላችሁ እንዲደርሳችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ከቆሻሻ ጉድጓዱ የከፋ አንድ ነገር አለ፤ ሬድ አሽ ወጥቶ ያለቀበት ካባ። ኮረብታው ሲቆረጥ፣ ቀድሞም ሽፋኑ ስስ የነበረው ቦታ እርቃኑን ይቀራል። በዚህ ቦታ የወደቀ ዝናብ ወዲያው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ይህ መልካም ነው፣ የከርሰ ምድሩን ውሃ የሚተካው እንዲህ ያለው ቦታ ነው። ክፉው የሚመጣው ካባው ከተተወ በኋላ ጎድጓድ ስለሆነ ብቻ ቆሻሻ መጣያ ሲሆን ነው። ላስቲክ፣ ባትሪ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የሞተ እንስሳ ይጣልበታል። በዚህ ሜዳ ላይ ቆሻሻ ለመጣል ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። የተተወ ካባ በአፈር ተሸፍኖ ዛፍ ይተከልበት፣ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውሃ ማስረጊያ ይደረግ፤ ቆሻሻ ግን ፈጽሞ አይጣልበት። ይህን ጉዳይ ወረዳው ላይ የሚያነሣ አምስት ሰው ከዚህ አዳራሽ ብናገኝ ልፋቴ አልባከነም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ታምሩ ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ለብክለት ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ካጠኑ ቆይተዋል። የተጋላጭነቱ ካርታ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አለ። እውቀቱ እጃችን ላይ ነው። የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲወጣ፣ ማደያ ወይም ጋራዥ ሲፈቀድ፣ ያ ካርታ ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት አለበት።

ስለ ወንዞቹ ሳልናገር ባልፍ ግማሹን እንደተውኩ ይቆጠራል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የመኖሪያ ቤቱን፣ ተሸክመው በእኛ በኩል ያልፉና አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ሐይቁን እምቦጭ ወርሮታል፣ ደለልም ሞልቶታል። ከዚያ ውሃው ወደ አዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የጣልነው ነገር ሁሉ እዚሁ አገር ውስጥ ይቀራል። በወንዙ ዳር በዚህ ውሃ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ጥናቶች በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። አትክልት አልሚው ጥፋተኛ አይደለም፤ ያገኘው ውሃ ይህ ነው። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ መስፋፋቱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ወደ እሱ የሚደርሱት መስመሮች በበዙ ቁጥር ወንዙ ይተነፍሳል።

የመሬት መንቀጥቀጥን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ቀድማችሁ ጠይቃችሁኛል፤ በአጭሩ ልመልስ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቶናል፤ ከላይኛው ፎቅ በፒጃማ የወረደ ሰው አይረሳውም። ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል እየተከፈተ ነው፤ መንቀጥቀጡ ከዚህ ይመጣል፣ ወደፊትም ይመጣል። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አቅጣጫ የተነሣው ትልቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባንም አናውጧል። ለእኛ ማወቅ የሚገባን ይህ ነው፤ ለስላሳ ወፍራም አፈር ከድንጋይ ይልቅ ንዝረቱን ያጎላዋል። ስለዚህ ዋልካው ወፍራም በሆነበት ቦታ የፌሮው ብዛትና የአርማታው ጥራት ከሌላው ቦታ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የሕንፃ ደንብ አላት። ሶሌታ ሲሞላ ደንቡ መጠበቁን የሚያይ መሐንዲስ ቦታው ላይ ይቁም፤ ምድር ቤት ያለ ምሰሶ ለሱቅ ብላችሁ አታፍርሱ፣ ግድግዳም ሳታስፈቅዱ አትነካኩ።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ሜዳ ላይ በየቀኑ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ለመሠረት፣ ለቆሻሻ፣ ለመብራት ምሰሶ፣ ለውሃ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ከሥራችን ያለውን ያሳያል፤ ከዚያ ይከደናል፣ ያየውም ሰው ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ይህን መሰብሰብ ነው። ዋልካው በስንት ሜትር አለቀ? ከሥሩ ምን ወጣ፤ ጠንካራ ባዛልት ነው፣ ቀይ ወይም ጥቁር ሬድ አሽ ነው፣ ነጭ አመድ ነው? ውሃ ተገኘ ወይ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሜትር? ይህን ከየብሎኩ ብናሰባስብ ዋልካው የት እንደሚወፍር፣ ሽፋኑ የት እንደሚሳሳ የሚያሳይ የሰፈራችንን ካርታ እንሠራለን። ቤት የሚሠራው ይጠቀምበታል፤ ወረዳውም የቆሻሻ ጉድጓድ የት እንደማይፈቀድ ለመወሰን ይጠቀምበታል። የምትሞሉት ቅጽ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ስም አይጠይቅም፣ የብሎክ ቁጥርና የመንገዱ ስም ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጉድጓዳችሁ ድሮ ተቆፍሮ የተከደነ ከሆነም የቆፈረውን ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁት፤ ቆፋሪ የቆፈረውን ያስታውሳል።